የአባት ቡና በየትኛው ላፕቶፕ ይለወጥ?



በዚህ መጽሔት ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ትልልቅ ጉዳይ ነው፤ ስለ አገር ዕድገት፥ ስለ ትምህርት ጥራት፥ ስለ ምሁር ኃላፊነት። እኛ ዛሬ ይዘነው የቀረብነው ጉዳይ ግን ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። የጨዋታ ላፕቶፕ ለመግዛት ያሰበ ተማሪ ርካሹን ይግዛ ወይስ ውዱን? «ይህም ርእስ ሆኖ ሊጻፍበት ነው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ነገር ግን የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት የቡና ገንዘብ በአንድ ከሰዓት በኋላ በአንድ ሱቅ ባንኮኒ ላይ ተቈጥሮ የሚያልቅ ከሆነ፥ ነገሩ ትንሽ ነው ለማለት አንደፍርም።

ጉዳዩ የተነሣው እንዲህ ነው። ከዶርማችን ልጆች አንዱ የጊምቦ ወረዳ ልጅ ነው፤ ስሙን እንዳንጽፍ ለምኖናል። አባቱ ቡና አላቸው፤ ብዙ አይደለም፥ ከጓሮና ከጫካው ጥግ የሚለቀም ነው። ልጃቸው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ «ቡናው ደኅና ዋጋ ያወጣ ዕለት የምትፈልገውን ዕቃ እገዛልሃለሁ» ብለው ቃል ገብተውለት ነበር። ለቀማው አልቆ ቡናው ሲሸጥ ቃላቸውን አላጠፉም። ጓደኛችንም የሁለት ላፕቶፖች ፎቶግራፍ በስልኩ ይዞ መጣ። አንደኛው በጨዋታ ላፕቶፖች ዘንድ ርካሽ ከሚባሉት ነው፤ የሁለተኛው ዋጋ ግን ከፊተኛው ሁለት እጅ ተኩል ይሆናል። ዶርሙ ለሁለት ተከፈለና ሁለት ሌሊት ተከራከርን።

በሦስተኛው ቀን አባትየው ደወሉ። ስልኩ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለ ነበር ሁላችንም ሰማናቸው። «ልጆቼ፥ እኔ ይህን ዕቃ አላውቀውም፤ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ በሬ ነው ወይስ ፈረስ?» አሉን።

መጀመሪያ ሣቅን። ኋላ ግን ስናስበው የእርሳቸው አንድ ጥያቄ ከሁለት ሌሊት ክርክራችን የበሰለ ሆኖ አገኘነው። በሬ ያርሳል፤ የሚበላውን ሣር በእህል ይመልሳል። ፈረስ ደግሞ ለግልቢያና ለክብር ነው፤ የሚጠላው ሰው ባይኖርም ጎተራ አይሞላም። እንግዲህ የጨዋታ ላፕቶፕ የትኛው ነው? ይህን ጥያቄ ይዘን ያገኘነውን ለእናንተ ለጓደኞቻችን እናቀርባለን።

አስቀድመን አንድ ነገር እንበል። ጨዋታን እንደ ነውር ከሚቈጥሩት ወገን አይደለንም። ቦንጋ ከተማ ውስጥ ይሁን በሌላ የአገራችን ከተማ፥ ልጅነቱን በጆተኒና በፕሌስቴሽን ቤት ያላሳለፈ ተማሪ ጥቂት ነው። አባቶቻችንም ገበጣ ይጫወቱ ነበር፤ ማንም ሰነፍ አላላቸውም። ከዚህም በላይ ጨዋታ ሙያ ሆኗል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአገራችን ድርጅት «ኩኩሉ» የተባለውን የዶሮ ሩጫ ጨዋታና ገበጣን ለስልክ ሠርቶ አቅርቧል። ስለዚህ «ለጨዋታ ብለህ የአባትህን ገንዘብ አታጥፋ» የሚለው ተግሣጽ ብቻውን አይበቃም። መጠየቅ ያለበት ገንዘቡ ሲጨመር በልኩ የሚጨመር ነገር መኖሩ ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲመራ ሲወሰን፥ ከዚያ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ሒሳቡ ቀላል ነው። በውጭ አገር 1,000 ዶላር የሚሸጥ ላፕቶፕ ከምንዛሪው ብቻ ሲታሰብ ከ57 ሺህ ብር ወደ 100 ሺህ ብርና ከዚያም በላይ ተሻገረ፤ ቀረጡ፥ ማጓጓዣውና የነጋዴው ትርፍ ገና አልተጨመረም። 2,500 ዶላር የሚያወጣው ውዱ ላፕቶፕ ደግሞ ከ250 ሺህ ብር በላይ ሊሆን ነው። ልዩነቱ በዶላር 1,500 ሲሆን በእኛ ብር 150 ሺህን ያልፋል።

ይህን ገንዘብ በቡና እንለካው። አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ ቀይ እሸት መልቀም ያስፈልጋል። ለቀማው በእጅ ነው፤ የበሰለው ፍሬ ካልበሰለው እየተለየ፥ በጭቃና በዳገት ላይ ነው። ከዚያ ማስጣት አለ፤ ዝናብ ሲመጣ ሮጦ መሸፈን አለ። የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብ ዓለም ያደነቀው የዱር ቡናውን ነው። እኛ ግን ያን ቡና የሚለቅሙትን እጆች እናውቃቸዋለን፤ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ናቸው። እንግዲህ በሁለቱ ላፕቶፖች መካከል ያለው ልዩነት በእነዚህ እጆች የሚከፈል መሆኑን ሳንረሳ፥ ልዩነቱ ምን እንደሚገዛ እንመርምር።

በገበያ ላይ ያሉት ታላላቅ ፋብሪካዎች ሁሉ ለርካሹና ለውዱ የተለየ ስም አላቸው። ሌኖቮ ሎክ እና ሊጅን ይላቸዋል፤ ኤሰር ናይትሮ እና ፕሬዴተር፤ አሱስ ታፍ እና ሮግ፤ ኤችፒ ቪክተስ እና ኦመን። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚያየው ስሙንና በቁልፎቹ ሥር የሚበራውን ቀለም ነው። ቀለሙ ግን ቁልፎቹን እንጂ ጨዋታውን አያበራም። የጨዋታ ላፕቶፕ ልብ ጂፒዩ የሚባለው የምስል ማቀናበሪያ ነው።

በዚህ ላይ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር አለ። የኢንቪዲያ አርቲኤክስ 4060 የላፕቶፕ ጂፒዩ 8 ጊጋባይት የራሱ ማስታወሻ አለው። ከእርሱ በላይ በውድ የሚሸጠው 4070ም በላፕቶፕ ያው 8 ጊጋባይት ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2025 በወጡት በ5060 እና በ5070 የላፕቶፕ ጂፒዩዎችም ነገሩ አልተለወጠም፤ ሁለቱም 8 ናቸው። የበላይኛው ፍጥነት ይጨምራል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ትልልቅ ጨዋታዎችን የሚያንቀው የማስታወሻው ማነስ ሲሆን፥ ለበላይኛው የከፈለውም ለበታችኛው የከፈለውም እኩል ይታነቃሉ። ሌላም አለ። አንድ ዐይነት ስም ያለው 4060 እንደ ፋብሪካው አሠራር ከ35 ዋት ጀምሮ እስከ 115 ዋት በተለያየ ጉልበት ይሠራል። ስለዚህ ብዙ ኀይል የሚሰጠው ወፍራሙ ርካሽ ላፕቶፕ ትንሽ ኀይል የሚሰጠውን ቀጭንና ውድ ወንድሙን በሩጫ ሊቀድመው ይችላል። የገዛነው ቅጥነት ሆነ ማለት ነው።

ራሙንም እንመልከት። ብዙዎቹ ርካሾች 8 ጊጋባይት ራም ይዘው ይመጣሉ፤ ይህ ለዛሬ ጨዋታ ያንሳል። ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ማስገቢያ ስላላቸው፥ ገንዘብ ሲገኝ ሌላ 8 ጨምሮ 16 ማድረስ ይቻላል። ከውዶቹ ወገን ግን ራማቸው ከቦርዱ ጋር የተበየደ አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው አሱስ ዜፊረስ ጂ14 ከነዚህ አንዱ ነው። እንዲህ ያለውን የገዛ ሰው በገዛበት መጠን ይኖራል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው «ባልዱርስ ጌት 3» ትልቅ ከሚባሉት ጨዋታዎች አንዱ ነው። ሠሪዎቹ ያስቀመጡት ዝቅተኛ መስፈርት 8 ጊጋባይት ራምና 4 ጊጋባይት የጂፒዩ ማስታወሻ ነው፤ የሚመክሩት 16 ራምና 8 ነው። ይህን ከርካሾቹ መካከል ደኅና ደኅናዎቹ ያሟሉታል። በአንጻሩ ጨዋታው 150 ጊጋባይት የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። እስቲ ከእኛ መካከል 150 ጊጋባይት በስልክ ፓኬጅ ማውረድ የሚችል ማን ነው? የተማሪን እጅ የሚያስረው ከጂፒዩው ይልቅ ዳታው ነው። በኢንተርኔት ከሌላ ሰው ጋር የሚጫወቱም እንዲሁ ናቸው። ዶታ 2 ወይም ካውንተር ስትራይክ 2 የሚጫወት ልጅ ለእኛ ከሚቀርቡት አገልጋይ ኮምፒውተሮች አንዱን የሚያገኘው ጆሃንስበርግ ነው። ከቦንጋ እስከዚያ ደርሶ እስኪመለስ ያለው መዘግየት በላፕቶፕ ዋጋ አይገዛም፤ የሁለት መቶ ሃምሳ ሺህ ብሩም የመቶ ሺህ ብሩም ልጅ እኩል ይጠብቃሉ።

ስለ መብራትም ሳንናገር አናልፍም። ዝናብና መብረቅ በበዛበት አገር መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱ አዲስ ነገር አይደለም። በክርክራችን ጊዜ ውዱን ይደግፍ የነበረው ወገን «ባትሪው ትልቅ ነው፤ መብራት ቢጠፋም ያስጨርሰናል» ሲል ነበር። ወረቀት አውጥተን አሰላነው። በጨዋታ ላይ ያለ ላፕቶፕ 100 ዋት ቢበላ፥ 60 ዋት ሰዓት የሚይዘው የርካሹ ባትሪ 36 ደቂቃ ይቈያል፤ 90 ዋት ሰዓት የሚይዘው የውዱ ባትሪ 54 ደቂቃ። ልዩነቱ 18 ደቂቃ ነው። እርሱም ቢሆን የጨዋታ ላፕቶፖች በባትሪ ሲሠሩ ጉልበታቸውን ስለሚቀንሱ ጨዋታው የቀድሞው ጨዋታ አይሆንም። ይልቅስ ከልዩነቱ ገንዘብ ጥቂቱን ወስዶ ከኀይል መዋዠቅ የሚጠብቅ ደኅና ስታብላይዘር መግዛት ለዕቃው ዕድሜ ይበጃል።

ጥገናውስ? ከቦንጋ አዲስ አበባ ከ450 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ጅማም ቢሆን ከመቶ ኪሎ ሜትር አያንስም። ብዙ ሰው የያዘው ተራ ሞዴል ሲበላሽ የሚያውቀው ባለሙያም መለዋወጫውም ይገኛል። በሺህ አንድ ሰው የያዘው ሞዴል ሲበላሽ ግን መለዋወጫው ከውጭ እስኪመጣ መሣቢያ ውስጥ ይቀመጣል፤ በዚያ ጊዜ ውዱ ላፕቶፕ የእንጨት ጣውላ ያህል እንኳ አያገለግልም።

በመጨረሻም ጊዜን እናስብ። የኢንቪዲያ 30 ተከታታይ የላፕቶፕ ጂፒዩዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ወጡ፤ 40ዎቹ በ2023፤ 50ዎቹ በ2025። በየሁለት ዓመቱ ማለት ነው። እንግዲህ የመጀመሪያ ዓመት ላይ «ከሁሉ የበለጠውን ገዛሁ» ብሎ የኮራ ተማሪ ተመርቆ ሳይወጣ ሁለት ጊዜ ይቀደማል። በኩራት የተከፈለው ገንዘብ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ግን ውዱ ላፕቶፕ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። የሥነ ሕንፃ ሥዕል በሦስት ገጽታ እያወጣ፥ ወይም ቪዲዮ እያቀናበረ ገንዘብ የሚቀበል ተማሪ አለ። ለእርሱ ኮምፒውተሩ በአራት ሰዓት የሚጨርሰውን በሁለት ሰዓት ቢጨርስ፥ የቀረው ሁለት ሰዓት ገንዘብ ነው። ቀለምን አሳምሮ የሚያሳይ ስክሪንም ለእርሱ ጌጥ አይደለም፤ የርካሾቹ ስክሪን ብዙ ጊዜ ቀለሙ የገረጣ በመሆኑ ሥራውን ያበላሽበታል። ለእንዲህ ያለው ተማሪ ውዱ ላፕቶፕ በሬ ነው፤ ይግዛው። ነገር ግን «ለወደፊት ሥራ እሠራበታለሁ» እና «ዛሬ እየሠራሁበት ነው» የተለያዩ ናቸው። በእኛ ዶርም ውዱን ይደግፉ ከነበሩት ሦስት ልጆች የሠራውን አንድ ሥራ ሊያሳየን የቻለ አልነበረም። ይህን የምንጽፈው እነርሱን ለመንካት አይደለም፤ ከሦስቱ አንዱ ይህን ጽሑፍ አብሮን ጽፏል።

መማር ለሚፈልግ ደግሞ መሣሪያው በነጻ ሞልቷል። ብሌንደርና ጎዶት ያለ ክፍያ የሚገኙ ናቸው፤ ጎዶት በተለይ በደካማ ኮምፒውተር ላይም ይሠራል። ስለ ማንኪራ ጫካ ወይም ስለ ባርታ ፏፏቴ በካፊኖኖ የሚናገር አንድ ትንሽ ጨዋታ ለመሥራት የሚያንሰን ሐሳቡና ትዕግሥቱ እንጂ ጂፒዩው አይደለም።

በሌላው በኩል ርካሽ ነው ተብሎ የተገኘውን ሁሉ መግዛትም ጥፋት ነው። ባለፈው ዓመት ከሚያውቁን ልጆች አንዱ ያገለገለ ላፕቶፕ «የጨዋታ ነው» ተብሎ ገዛ። ቁልፎቹ ይበራሉ፥ ክዳኑ ላይም ምልክት አለ። ወደ ዶርም አምጥቶ ሲከፍተው ግን የራሱ ጂፒዩ የሌለው ሆኖ ተገኘ። ሻጩም ገንዘቡን አልመለሰም። ያ ልጅ ርካሽ ላፕቶፕ አልገዛም፤ በውድ ዋጋ ትምህርት ገዛ። እኛም ሌላው ያንኑ ትምህርት ደግሞ እንዳይገዛው ብለን የሚከተለውን እንመክራለን።

አንደኛ፥ ማንም ተማሪ ብቻውን ሄዶ አይግዛ። ዕቃውን የሚያውቁ ሁለት ጓደኞች ይከተሉት። ሙሽራ ለማየት ሽማግሌ የሚላክ ከሆነ፥ የዓመት ቡና ለመስጠት ሁለት ሰው ቢላክ አይበዛም።

ሁለተኛ፥ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ላፕቶፑ ተከፍቶ የጂፒዩው ስም፥ የራሙ መጠንና ሁለተኛ ማስገቢያ መኖሩ በዐይን ይታይ፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው አይበቃም። ያገለገለ ከሆነ ዊንዶውስ ራሱ ባትሪው ሲሠራ ምን ያህል ይይዝ እንደ ነበርና አሁን ምን ያህል እንደሚይዝ ዘገባ ያወጣል፤ ይህ ይነበብ።

ሦስተኛ፥ አንድ ከባድ ጨዋታ በፍላሽ ይዞ ሄዶ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ማጫወት ያስፈልጋል። አምስት ደቂቃ ሁሉም ይሮጣል፤ ሙቀቱ የሚታወቀው ከሃያ ደቂቃ በኋላ ነው። ይህን የማይፈቅድ ሻጭ ካለ ሌላ ሻጭ ይፈለግ።

አራተኛ፥ ተማሪዎች ኅብረታችን ፈቃደኛ የሆኑ ልጆችን መዝግቦ ለሚገዛ ሰው የሚያማክሩ ቢያደርግ ወጪ የለውም፤ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። ይህን ለኅብረቱ ሥራ አስኪያጆች በትሕትና እናሳስባለን።

አሁን አንባቢው የጓደኛችን ነገር ምን ላይ ደረሰ ሳይል አይቀርም። ርካሹን ገዛ። ራሙን ወደ 16 አሳደገ፤ ስታብላይዘርም ገዛ። እውነቱን ለመናገር ዕቃው እንከን አለበት። ጨዋታ ሲጀምር ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት ይጮኻል፤ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት በኋላ እንዳይጫወት በዶርሙ ሕግ አውጥተንበታል። ስክሪኑም ፀሐይ ያለበት ቦታ ደብዛዛ ነው። ቢሆንም የሚጫወተውን ይጫወታል፤ የኮምፒውተር ትምህርቱን ልምምድም ይሠራበታል። እኛም ተራ እየገባን እንሠራበታለን።

ለአባቱ የደወለው እኛ ፊት ነበር። «አባቴ፥ ቀን ቀን በሬ ነው፥ ማታ ማታ ፈረስ ነው» አላቸው። አባትየውም ጥቂት ዝም አሉና «የተረፈውስ?» ብለው ጠየቁ። የተረፈውን ልኮላቸው ነበር። ክረምት ሳይገባ የቤቱን ቆርቆሮ ሊያስለውጡበት መሆኑን ነገሩን፤ ቡናው ሲሸጥ ከሁሉ አስቀድመው ያሰቡት እርሱን ነበር፥ ስለ ቃላቸው ብለው ግን ትተውት ኖሯል። ይህን ጓደኛችንም እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለንም። ከቤት የሚላክልን ገንዘብ ሲሰጠን ምን እንደ ተተወለት አይነገረንም። ስለዚህ ልዩነቱን ከመክፈላችን በፊት እኛው እንጠይቅ። በዚህ አሳብ የማይስማማ ካለ፥ በተለይም የውዱ ላፕቶፕ ደጋፊ የሆነ፥ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ በደስታ እናነባለን። ሲጽፍ ግን የሠራበትን ሥራ አብሮ ቢያሳየን ክርክሩ ያጥራል።